«አንድም» ብሎ ስለ ማንበብ
(በራዲዮ የተነገረ)

ከጥቂት ወራት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት የሚያገለግል አንድ ወጣት ከሥራ ስንወጣ በመንገድ አግኝቶኝ፥ «ጋሼ፥ የአገሬን ታሪክ ለማወቅ እወዳለሁ፤ ነገር ግን ገንዘቤም ጊዜዬም ጥቂት ነው። አሮጌዎቹን መጻሕፍት ላንብብ ወይስ አዲሶቹን?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም እንደ ቸኰለ ሰው የአንድ መጽሐፍ ስም ጠራሁለትና ተለያየን። ቤቴ ገብቼ ነገሩን ሳስበው ግን የሰጠሁት መልስ ጐደሎ ሆኖ አገኘሁት። ጥያቄው የእርሱ ብቻ አይደለም፤ በየጽሕፈት ቤቱ ያሉ የብዙ ወንድሞችና እኅቶች ጥያቄ ነው። ስለዚህ ያን ዕለት ያጐደልሁትን ዛሬ በዚህ ንግግር ልሞላው አስቤአለሁ።

በአገራችን የቤተ ክህነት ትምህርት፥ ንባቡንና ዜማውን ቅኔውንም የጨረሰ ተማሪ ወደ መጻሕፍት ትርጓሜ ቤት ይገባል። በዚያም መምህሩ አንዱን ቃል አንሥቶ ትርጓሜውን ይነግረዋል፤ ወዲያውም «አንድም» ብሎ ሁለተኛ ትርጓሜ ይጨምርለታል፤ አንዳንድ ጊዜም ሦስተኛና አራተኛ ያስከትላል። የኋለኛው መምጣት የፊተኛውን አይሽረውም። ተማሪው ሁለቱን በልቡ ይዞ ይመዝናቸዋል እንጂ አንዱን ሰምቶ ከጉባኤው ተነሥቶ አይሄድም። እንግዲህ ለዚያ ወጣት ልመልስለት ይገባኝ የነበረው ይህ ነው፤ አሮጌውንም ብቻ አታንብብ፥ አዲሱንም ብቻ አታንብብ፤ ከአሮጌው አጠገብ አዲሱን አስቀምጠህ «አንድም» እያልህ አንብብ።

ይህ የመጀመሪያ ምክሬ ነው። ከዚህ ቀጥዬ በዚህ መንገድ ቢነበቡ የሚጠቅሙ መጻሕፍትን ላመልክታችሁ።

ስለ መጻሕፍት ሲነገር ቀድመው መታወስ የሚገባቸው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው። «በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል፤ ነገር ግን የት እንዳለ የማይታወቅ መጽሐፍ እንደ ተረሳ ቃል ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ይህን በመረዳት በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን መጻሕፍት የሚቈጥር ካታሎግ አሳተሙ። በ1920 ዓ.ም. ደግሞ በግዕዝና በአማርኛ የተጻፉትን መጻሕፍት የሚዘረዝር ሁለተኛ ካታሎግ አወጡ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር እስከ መሆን የደረሰው የመንግሥት ሥራቸው ከዚህ ድካም አላገዳቸውም። በ1931 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በስደት ሳሉ ዐረፉ። ያ ዝርዝር ግን፥ አንድ ሠራተኛ ለሚመጣው ትውልድ የመጽሐፉን ደጃፍ ሊያሳየው እንደሚችል ምስክር ሆኖ ቀርቶአል።

አሁን በደጃፉ እንግባ። የመጀመሪያው መጽሐፍ፥ በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፥ በ1585 ዓ.ም. ገደማ፥ የጋሞው ሰው አባ ባሕርይ ስለ ኦሮሞ ሕዝብ በግዕዝ የጻፉት አጭር ታሪክ ነው። ሕዝቡን የሚጠሩበት ስም በዘመኑ የተለመደ፥ ዛሬ ግን ሕዝቡ የማይቀበለው ስለሆነ እኔም አልደግመውም። መጽሐፉ ከገጹ ማነስ ይልቅ የያዘው ነገር ያስደንቃል። የገዳውን ትውልድ በየስሙ እየጠራ፥ እያንዳንዱ በስምንት በስምንት ዓመት እንዴት እንደ ተተካና ወዴት እንደ ዘመተ ይቈጥራል። ከዚያም የዘመኑ ሊቃውንት የተከራከሩበትን ጥያቄ ያነሣል፤ ይኸውም «እኛ ብዙዎች ስንሆን፥ የጦር መሣሪያም ሲኖረን፥ ስለ ምን ድል ሆንን?» የሚል ነው። አንዳንዶች ስለ ኃጢአታችን የመጣ የእግዚአብሔር ቍጣ ነው ማለታቸውን ይጽፋሉ። ሌሎች ደግሞ ሕዝባችን በዐሥር ክፍል በመከፈሉ ነው፤ ዘጠኙ በየምክንያቱ ከጦርነት ሲቀር የሚዋጋው ዐሥረኛው ብቻ ነው፤ በዚያኛው ወገን ግን ትንሹም ትልቁም ጦር ይማራል ማለታቸውን ይጽፋሉ። እንግዲህ አባ ባሕርይ ራሳቸው «አንድም» ብለው መጻፋቸውን ልብ በሉ። የአገርን መከራ በሕዝቡ አኗኗርና በሥራው አከፋፈል ለመመርመር በዚያ ዘመን መነሣታቸው እጅግ ያስመሰግናቸዋል።

እኔ ይህን ታሪክ ያነበብሁት በወጣትነቴ ነው፤ ያነበብሁትም ብቻውን ነው። አባ ባሕርይ ግን በጦርነቱ ዘመን ከተጠቃው ወገን ሆነው ስለ ጻፉ፥ ምሬታቸው በብዙ ገጽ ላይ ይታያል። እኔም ምሬቱን ከዕውቀቱ ሳልለይ እንዳለ ተቀበልሁት። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ይህንኑ እየጠቀስሁ በልበ ሙሉነት ስናገር፥ በትውልዱ ኦሮሞ የሆነ የሥራ ባልደረባዬ እስክጨርስ ድረስ ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያም ሳይቈጣ፥ «ወንድሜ፥ ከሳሹን አንብበሃል፤ ተከሳሹን መቼ ጠራኸው?» አለኝ። የምመልሰው ቃል አልነበረኝም። የበላሁት እንጀራ በጉሮሮዬ የቆመ ያህል ተሰማኝ። ለብዙ ዓመታት አብረን ስንሠራ፥ በግማሽ ንባብ ያገኘሁትን ፍርድ ተሸክሜ በፊቱ ተቀምጬ ነበርና።

ከዚያ በኋላ ተከሳሹን ፍለጋ ተነሣሁ። ፕሮፌሰር መሐመድ ሐሰን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990 ያሳተሙት፥ ከ1570 እስከ 1860 ድረስ ያለውን የኦሮሞን ታሪክ የሚመረምር መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ይገኛል። ፕሮፌሰሩ አባ ባሕርይን አይጥሉአቸውም፤ ምሬታቸውን ይነቅፋሉ፥ ምስክርነታቸውን ግን ይጠቀሙበታል። በ2015 ባሳተሙት ሁለተኛ መጽሐፋቸውም የኦሮሞ ወገኖች ከአሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት አስቀድሞ ከክርስቲያኑ መንግሥት ጋር በጉርብትና ይኖሩ እንደ ነበር ለማስረዳት ይከራከራሉ። ገዳ ራሱ ምን እንደ ሆነ ለማወቅ የሚሻ ደግሞ፥ ፕሮፌሰር አስመሮም ለገሠ በቦረና መካከል ኖረው አጥንተው በ1973 ያሳተሙትን መጽሐፍ ያንብብ። አባ ባሕርይ ከሩቅ ሆነው የዘመቻ ቍጥር ያዩበትን ነገር፥ እርሳቸው ከውስጥ ገብተው ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ የሚሸጋገርበት ሥርዓት መሆኑን ያሳያሉ። ይህ የገዳ ሥርዓት በ2016 ከዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች አንዱ ሆኖ በዩኔስኮ ተመዝግቦአል። የአባ ባሕርይን ጽሑፍ በአማርኛ ማንበብ የሚሻም አይቸገርም፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ «የአባ ባሕርይ ድርሰቶች» በሚል ስም በ1995 ዓ.ም. ከነትርጓሜው አውጥተውታል።

ሁለተኛው መጽሐፍ የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነው። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በዓድዋ አካባቢ ተወልደው፥ በልጅነታቸው ከምፅዋ በመርከብ ወደ አውሮፓ ተሻግረው በጀርመን አገር ተማሩ። ወደ አገራቸው ተመልሰውም በኋላ የድሬዳዋ ጉምሩክ ሹም ሆኑ። በ1911 ዓ.ም. ሲያርፉ ዕድሜአቸው ከሠላሳ ጥቂት የበለጠ ብቻ ነበር። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው የታተመው ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ነው። በዚህ መጽሐፍ የሀብት ምንጭ ሥራ መሆኑን ያስተምራሉ። ዕውቀት የሌለው ሕዝብ በብዙ ድካም ያገኘውን፥ ዕውቀት ያለው ሕዝብ በጥቂት ድካም ለሠራው ዕቃ እየለወጠ ዕለት ዕለት እንደሚደኸይ ያስረዳሉ። አስቀድሞ ባሳተሙት «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተባለው ጽሑፋቸውም፥ የንጉሡ ገንዘብና የመንግሥት ገንዘብ እንዲለይ፥ ግብሩ በልክ እንዲወሰንና በገንዘብ እንዲከፈል፥ ሕግ ተጽፎ ሁሉም በእርሱ እንዲተዳደር ጠይቀዋል። በጉምሩክ ዕቃ ሲገባና ሲወጣ የሚያይ ሹም ያን ዕለታዊ ሥራ ወደ ሐሳብ እንዴት እንደ ለወጠው ማየት፥ በመዝገብና በቁጥር መካከል ለሚውል ሠራተኛ ትልቅ መጽናኛ ነው።

ነገር ግን ነጋድራስን ብቻቸውን ያነበበ ሰው፥ በምድረ በዳ የሚጮኹ ብቸኛ ሰው መስለው ሊታዩት ይችላሉ። ስለዚህ «አንድም» ብሎ፥ ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ስለ ሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ለውጥ ፈላጊ ምሁራን በእንግሊዝኛ ጽፈው በ2002 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያሳተሙትን መጽሐፍ ይጨምር። በዚያ መጽሐፍ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ከነአለቃ ዐጽሜ ጊዮርጊስ፥ ከነአፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ፥ ከነሐኪም ወርቅነህ፥ ከነብላቴን ጌታ ኅሩይ ጋር በአንድ ረድፍ ቆመው ይታያሉ። ከዚህም ይልቅ የሚጠቅመው፥ ያ ሁሉ መልካም አሳብ ለምን በወረቀት ላይ እንደ ቀረ መታየቱ ነው። ምሁራኑ ከኋላቸው የሚደግፋቸው የሕዝብ ኃይል አልነበራቸውም፤ ተስፋቸውን የጣሉት በገዥው በጎ ፈቃድ ላይ ነበር። አሮጌው መጽሐፍ ምን መደረግ እንደ ነበረበት ይነግረናል፤ አዲሱ ስለ ምን እንዳልተደረገ ይነግረናል። አንዱ ያለ ሌላው ወይ ምኞት ብቻ ወይ ሐዘን ብቻ ይሆናል።

ሦስተኛው የብላታ መርስዔ ኀዘን ወይም የሌላ ጸሐፊ ትዝታ ሳይሆን፥ የመዝገብ ያህል የሚያገለግል መጽሐፍ ነው፤ ይኸውም ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ.ም. ያሳተሙት «ዝክረ ነገር» ነው። ደራሲው የጽሐፌ ትእዛዝ ወልደ መስቀል ታሪኩ ልጅ ስለሆኑ የቤተ መንግሥትን ሥርዓት በቅርብ ያውቁታል፤ እርሳቸውም እስከ ሚኒስትርነት ደርሰዋል። የመሬቱን ስሪት፥ የግብሩን ዓይነት፥ የሹመቱን ማዕርግ፥ የግብር ማብላቱን ሥርዓት፥ ሚኒስትሮች በ1900 ዓ.ም. ከተሾሙበት ጊዜ ጀምሮ የመሥሪያ ቤቶቹን አመሠራረት ለማወቅ የሚሻ ሁሉ ወደዚህ መጽሐፍ ይመጣል። ሪቻርድ ፓንክረስት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1968 ያሳተሙትን የኢትዮጵያ የኢኮኖሚ ታሪክ ሲጽፉ ከተደገፉባቸው ምንጮች አንዱ ይህ ነው።

ሆኖም «ዝክረ ነገር» ግብሩን የሚያየው ከተቀባዩ መዝገብ በኩል ነው። ከከፋዩ ጎጆ በኩል እንዴት ይታይ እንደ ነበር ለማወቅ፥ ዶናልድ ዶንሃምና ዌንዲ ጄምስ በ1986 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያዘጋጁትን፥ በልዩ ልዩ ሊቃውንት ስለ ደቡቡ የኢትዮጵያ ክፍል የተጻፈውን የጥናት መጽሐፍ ማንበብ ይገባል። በመዝገቡ ላይ አንድ መስመር የሆነው «ገባር» የሚለው ቃል፥ በዚህኛው መጽሐፍ ቤተ ሰብ ሆኖ ይነሣል። ለደመወዝ ምትክ ለወታደር ወይም ለሹም የተመደበው ገበሬ እህሉንና ማሩን አቅርቦ፥ እንጨቱን ተሸክሞ፥ ሚስቱም ዱቄቱን ፈጭታ፥ ከዚያ በኋላ ወደ ራሱ እርሻ ሲመለስ ይታያል። በጽሕፈት ቤት የምንቀመጥ ሰዎች ከዚህ የምንማረው አለ። እኛም በየቀኑ ሰውን በመስመር ላይ እንጽፋለንና።

አራተኛው ጥንድ ስለ 1928ቱ ጦርነት ነው። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በልጅነታቸው ከዓድዋ ዘመቻ ጋር ሄደው፥ በኋላ በመስኮብ አገር የመድፈኛነት ትምህርት ተምረው የመጡ፥ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሰው ናቸው። ጦርነቱ በመጣ ጊዜ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ አገራቸው ተከራከሩ። የሕይወት ታሪካቸውን በእጃቸው ጽፈው በ1969 ዓ.ም. ዐረፉ፤ መጽሐፉ ግን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት የወጣው በ1999 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ይህን አዲስ እንበለው ወይስ አሮጌ? ከእርሱ አጠገብ የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁን «ትዝታ» አስቀምጡ፤ ይህ በ1985 ዓ.ም. የታተመ ነው። ሐዲስ ያንኑ ጦርነት በሽሬ ግንባር ከልዑል ራስ እምሩ ጦር ጋር ሆነው አዩት፤ በኋላም ተማርከው ወደ ኢጣሊያ ተጋዙ። ያው አንድ ዓመት ከጉባኤ አዳራሽና ከጦር ሜዳ ሲታይ ሁለት ዓመት ይመስላል። ሁለቱን ያነበበ ሰው፥ በአዳራሹ ውስጥ የዘገየው እያንዳንዱ ስብሰባ በሜዳው ላይ ምን ያህል ደም እንዳስከፈለ ያስተውላል።

የመጨረሻው ምሳሌ ከሁሉ ይልቅ የማወቅ ፍላጎትን የሚያነሣሣ ነው፤ እርሱም «ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ» የተባለው የግዕዝ መጽሐፍ ነው። ጽሑፉ በአክሱም አገር የተወለደ ዘርዐ ያዕቆብ የሚባል ሊቅ በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት፥ የሃይማኖት ጠብ በበረታበት ጊዜ፥ በዋሻ ተሸሽጎ እውነትን በልቡናው እንደ መረመረ ይናገራል። መጽሐፉን በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ለአንቷን ዳባዲ የላከው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ የካፑቺን መነኵሴ ነው። በ1920 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ፥ ደራሲው ኢትዮጵያዊ ሳይሆን መነኵሴው ራሱ ነው ሲሉ ጻፉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ክሎድ ሰምነር ደግሞ በ1970ዎቹ በብዙ ገጽ ተከራክረው የዘርዐ ያዕቆብ ነው አሉ። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም፤ በ2023 አዲስ የእንግሊዝኛ ትርጕም ከነማብራሪያው ወጥቶ ነገሩን እንደገና አንቀሳቅሶታል። አንባቢ ከዚህ ክርክር መሸሽ የለበትም። መጽሐፉን አንብቦ፥ የሁለቱንም ወገን ማስረጃ አይቶ፥ ፍርዱ ሳይቸኩል ቢቀመጥ፥ የሊቃውንቱ ጉባኤ ተካፋይ ሆነ ማለት ነው።

«ይህን ሁሉ የት አገኘዋለሁ?» የሚል ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ሁሉን መግዛት አያስፈልግም። በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመውና «ወመዘክር» እያልን የምንጠራው ቤተ መጻሕፍት አለ። በስድስት ኪሎ፥ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ስለ አገራችን የተጻፈውን ሲሰበስብ ኖሮአል። በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው የአብርሆት ቤተ መጻሕፍትም በአዲስ አበባ መካከል ይገኛል። ሁለት ባልደረቦች ተስማምተው አንዱ አሮጌውን፥ ሌላው አዲሱን ቢያነቡና በወሩ መጨረሻ በቡና ላይ ቢነጋገሩበት፥ ወጪው በግማሽ ይቀንሳል፤ ዕውቀቱ ግን በእጥፍ ይጨምራል። መጽሐፉን ሲከፍቱም በደብተራቸው ላይ ሦስት ነገር ይጻፉ፤ ማን ጻፈው? መቼ ጻፈው? ሲጽፍ በየትኛው ወገን ቆሞ ነበር? እነዚህ ሦስቱ ከተመለሱ የመጽሐፉ ግማሽ ተነበበ ማለት ይቻላል።

ክቡራን አድማጮች፤ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ የአንዱን ወገን ማመልከቻ ብቻ አይቶ ውሳኔ ቢጽፍ፥ አለቃው መዝገቡን «የሌላው ወገን ቃል ይቅረብ» ብሎ ይመልስበታል። በአንድ የመሬት ወይም የውርስ ጉዳይ እንዲህ የምንጠነቀቅ ሰዎች፥ ስለ መላው ሕዝብና ስለ ዘመናት በአንድ መጽሐፍ እንዴት እንፈርዳለን? ባልደረባዬ በምሳ ሰዓት የጠየቀኝ ጥያቄ ይኸው ነበር። እኔም እርሱን ካሳ የምክሰው፥ ያን ጥያቄ ለእናንተ በማስተላለፍ ነው።